ግሬናዳ መልሕቅ ላይ፦ ጀልባዋ ምድጃ ሆናለች፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ዘግተናት ወደ ቤት እንበራለን

ሰማያዊ_ድንኳን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለ 11 ሜትር የፋይበርግላስ ባለ ሸራ ጀልባ ናት፤ ሁለት ሰው ነን። ግሬናዳ ደቡብ ዳርቻ፣ ሆግ አይላንድ አጠገብ መልሕቅ ጥለናል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጀልባዋ ከውሃ ወጥታ የጀልባ ማቆሚያ ግቢ ውስጥ ትቆማለች፣ እኛ ወደ ቨርጂኒያ እንበራለን፤ እስከ ኅዳር አንመለስም። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ውስጥ ያለው ቴርሞሜትር 37 ይላል፣ ሌሊትም ከ31 አይወርድም። ያለን 400 ዋት ሶላር፣ 400 አምፔር ሰዓት ሊድ አሲድ ባትሪ፣ የ12 ቮልት ፍሪጅና ሁለት ፋን ነው። የቀሩትን ሌሊቶች እንዴት እንተኛ? ስንዘጋትስ ሻጋታ እንዳይበላት ምን እናድርግ? ኤሲ ለመግዛት እያሰብን ነው።

ባለሸራው፦
ኤሲውን ለጊዜው ተዉት። ውጭ ያለው አየር 30 ወይም 31 ነው። ውስጡ 37 የሚሆነው ፀሐይ የላዩን ወለልና የጣሪያ መስኮቶቹን ስለምታበስላቸው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሠራው ዳስ ነው። ፀሐይዋ ጀልባዋን ሳትነካ ማስቀረት አለባችሁ፤ አንዴ ፋይበርግላሱ ከጋለ እስከ እኩለ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ውስጥ ይተፋል።

የዳሱ ልክ ከምሰሶው እስከ ኋላ ሽቦ ድረስ ነው፤ በእናንተ ጀልባ ወደ 6 ሜትር በ3.5 ሜትር ይሆናል። ኮክፒቱን (መሪው ያለበትን ክፍት መቀመጫ) ብቻ የሚሸፍን ትንሽ ጥላ ለመቀመጫ እንጂ ለመኝታ አይረባም። የምትተኙት ፊት ለፊት ባለው ክፍል ከሆነ ከምሰሶው ወደ አፍንጫው የሚሄድ ሁለተኛ ዳስ ያስፈልጋል። ጨርቁ ከላይ ነጭ ወይም ብርማ ይሁን። ሰማያዊ የፕላስቲክ ሸራ ርካሽ ነው፣ ግን ብርሃን ያሳልፋል፣ በነፋስ ይንጫጫል፣ ፀሐዩም ቶሎ ያፈራርሰዋል። ጨርቁን ቡሙ (የዋናውን ሸራ ግርጌ የሚይዘው አግዳሚ ዘንግ) ላይ አታስተኙት፤ በመካከላቸው አንድ ስንዝር ክፍተት ይኑር፣ ሞቃቱ አየር በዚያ ይወጣል። ጎንና ጎኑ ወደታች ያዘንብል፣ አለዚያ ከ9 ሰዓት በኋላ ጎንበስ ያለችው ፀሐይ ከሥር ትገባለች።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አስተሳሰሩ ላይ ነው። ማዕዘኖቹን በጠንካራ ቋጠሮ ካሰራችሁ፣ ዶፉ ከነነፋሱ ሲመጣ ወይ ጨርቁ ይቀደዳል ወይ ዳሱ እንደ ሸራ ተነፍቶ ጀልባዋ መልሕቋን ትጎትታለች። በአንድ ጉተታ የሚፈታ ቋጠሮ እሰሩ፤ ሁለት ሰው በጨለማ ከ5 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ማውረድ መቻል አለበት። ቀን ላይ ልምምድ አድርጉ።

መስኮቶቹን ደግሞ በአረፋ ፎይል ሸፍኑ፣ የመኪና መስታወት ላይ የሚደረገው ዓይነት። ከውጭ ነው የሚደረገው! ከውስጥ ካደረጋችሁት ሙቀቱ በአክሪሊኩ (በመስኮቱ ፕላስቲክ) እና በፎይሉ መካከል ይታፈንና አክሪሊኩ በጥቃቅን ስንጥቅ ይሞላል።

የሐይቅ_ልጅ፦
ባለሸራው ባለው ላይ ስለ ነፋስ ልጨምር። መልሕቅ ላይ ያለች ጀልባ አፍንጫዋን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ነፋሱ ታዞራለች፤ ማሪና (የጀልባ ወደብ) ውስጥ የማይገኝ ዕድል ነው። በፊተኛው የጣሪያ መስኮት ላይ የነፋስ ማጥመጃ ሸራ ስቀሉ፣ የኋላውን መውረጃ በር ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ። መውጫ ከሌለ መግቢያ የለም። በመካከል ያሉ የክፍል በሮችን ሁሉ ክፈቱ፣ የጎን መስኮቶችን ግን ዝጉ። ከጎን ከከፈታችሁ ከፊት የገባው ነፋስ ወደ ጎን ያመልጣል፣ መሐሉ ክፍል ላይ የሚደርሰው ይሳሳል።

የወባ ትንኝ መረብ ነፋሱን በጣም ይቀንሰዋል። ጠባቡን መስኮት በመረብ ከምትደፍኑ አልጋው ላይ ሰፊ አጎበር ዘርጉ፤ የጨርቁ ስፋት ትልቅ ስለሆነ አየሩ ቀስ ብሎም ቢሆን በብዙ ቦታ ያልፋል። ደግሞ የደንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈዋ ትንኝ ቀን ነው የምትነክሰው፣ በተለይ ጠዋትና ወደ ማታ። የምትፈለፈለው በቆመ የዝናብ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ዲንጊውን (ትንሿን መመላለሻ ጀልባ)፣ ባልዲውን፣ የተጠቀለለውን ሸራ ስርጉድ በየሁለትና ሦስት ቀኑ ድፉ።

ከመተኛታችሁ በፊት ጨዉን ከገላችሁ አጥቡት፣ ለአንድ ሰው 2 ሊትር ጣፋጭ (ጨው የሌለው) ውሃ ይበቃል። ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል። በጨዋማ ገላ የተተኛበት አንሶላ ሌሊቱን ሙሉ አይደርቅም፣ የቆዳ ሽፍታውም የሚመጣው ከዚያ ነው።

ቮልት_ቆጣሪ፦
ወንድሜ፣ ኤሲውን በቁጥር እንየው። ትንሹ፣ 5000 ቢቲዩ የማቀዝቀዝ አቅም ያለው፣ 450 ዋት ያህል ይበላል። 8 ሰዓት ቢሠራ 3.6 ኪሎዋት ሰዓት፣ በ12 ቮልት 300 አምፔር ሰዓት ማለት ነው፤ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚለውጠው ኢንቨርተር የሚያባክነው ሳይቆጠር። ያላችሁ ሊድ አሲድ 400 ነው፣ ግማሹን ብቻ ነው ሳይጎዳ የምትጠቀሙት። መልሕቅ ላይ አይሆንም፤ ምዕራፉ ተዘጋ።

አሁን ያላችሁን እንደምር። ፍሪጁ ሲሠራ 4 አምፔር ይስባል። በዚህ ሙቀት ከቀኑ 60 በመቶውን ይሠራል፣ 58 አምፔር ሰዓት። ፋን አራት አድርጉት። ጥሩዎቹ የጀልባ ፋኖች ከ0.15 እስከ 0.35 አምፔር ነው የሚስቡት፤ አራቱ ለ12 ሰዓት ቢዞሩ ከ7 እስከ 17 አምፔር ሰዓት። ለአንድ ሰው ሁለት ፋን ቅንጦት አይደለም፤ አንዱ ፊት፣ አንዱ እግር ላይ። ትንሿ ስታርሊንክ (የሳተላይት ኢንተርኔት) ቀኑን ሙሉ ከበራች ብቻዋን ፍሪጁን የሚያህል ትበላለች፣ ስለዚህ ስትተኙ አጥፏት። 400 ዋት ሶላር በዝናብ ወቅት ከ100 እስከ 120 አምፔር ሰዓት ቢሰጥ ጥሩ ነው። ፓነሉ ራሱ ሙቀት አይወድም፤ ከ25 ዲግሪ በላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ኃይል ያጣል። 65 ዲግሪ ላይ ሲደርስ 14 በመቶ ገደማ ሄደ ማለት ነው። ከሥሩ አየር ይለፍ፣ የቡሙም ጥላ አይረፍበት። ቡሙን ጠዋት ወደ አንድ ጎን፣ ከሰዓት ወደ ሌላው ጎትታችሁ እሰሩት።

ፍሪጁ የማያቆም ከሆነ ጋዝ አለቀ ብላችሁ ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት የፍሪጁን ሙቀት የሚያስወጣው ኮንደንሰር ያለበትን ሳጥን ክፈቱ። አብዛኛውን ጊዜ ከረጢትና ጨርቅ ታጭቆበት፣ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ሲምግ ታገኙታላችሁ። ዕቃውን አውጡ፣ አቧራውን በብሩሽ ጥረጉ፣ ከታች ቀዝቃዛ አየር የሚገባበት ከላይ የሚወጣበት ቀዳዳ አብጁለት፤ ባለ 12 ሴንቲ ሜትር የኮምፒውተር ፋን ጨምሩ። የበሩን ላስቲክ በወረቀት ፈትሹ፦ ወረቀቱን በሩ ላይ ዘግታችሁ ስትስቡት ያለ ትግል ከወጣ ቅዝቃዜው በዚያ እየፈሰሰ ነው። በረዶው ከ5 ሚሊ ሜትር ከበለጠ አቅልጡት። ባዶውን ቦታ በውሃ ጠርሙስ ሙሉ።

ባትሪው ላይ አንድ ነገር አትርሱ። 14.4 ቮልት የሚባለው የመሙያ ልክ ለ25 ዲግሪ ነው። የባትሪው ሳጥን 38 ከሆነ 14.1 ይበቃዋል፤ በየዲግሪው 0.024 ቮልት ቀንሱ። ካልቀነሳችሁ ውሃው ይፈላል። ብዙ የሶላር መቆጣጠሪያ የሚለካው የራሱን ሙቀት ነው እንጂ የባትሪውን አይደለም፤ ባትሪው ላይ የሚለጠፍ ሴንሰር ግዙለት። የአሲዱን ከፍታ በየሳምንቱ እዩ፣ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው።

ሰማያዊ_ድንኳን፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። ኮንደንሰሩ ጋ የሕይወት ጃኬቶችና የክረምት ብርድ ልብስ ታጭቆ ነበር፤ አውጥተነዋል። ሌላ ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከሰዓት በኋላ ራሷን እያመማት ነው። ውሃ በደንብ ትጠጣለች።

ነርስ_በባሕር፦
ውሃ ብቻ አይበቃም፣ ላብ ጨውም ይዞ ይወጣል። በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ፣ ማንኪያው ሞልቶ ያልተቆለለ ይሁን። ጨዉን አታብዙት፤ ከዕንባ የበለጠ ጨው ጨው ካለ ድፉትና እንደገና በጥብጡ። ለአንድ ሰው በቀን ከ3 እስከ 4 ሊትር መጠጥ አስቡ። ሽንቷ ጠቆር ካለ አልበቃትም ማለት ነው። ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ሐኪሟን ዛሬውኑ ጠይቁ፣ ጨውም ያለ እሱ ፈቃድ አትስጧት። ከባድ ሥራ፣ ሞተር ክፍል መግባትን ጨምሮ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ይለቅ።

መለየት ያለባችሁ ይህን ነው፦ ድካም፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ ከሆነ ጥላ ሥር አሳርፏት፣ በውሃ አርጥባችሁ ፋን አዙሩባት። ንግግሯ ከተደናገረ፣ ቀናትና ቦታ ካምታታች፣ ወይም ሰውነቷ 40 ዲግሪ ከደረሰ ግን በሙቀት መመታት ነው። በያዛችሁት ውሃ ሁሉ እያበረዳችሁ በቪኤችኤፍ ሬዲዮ ቻናል 16 እርዳታ ጥሩ። ራሷን በደንብ ካላወቀች ምንም በአፏ አትስጧት።

የሐይቅ_ልጅ፦
ምድጃውስ? አንድ የጋዝ ምድጃ ዐይን 2 ኪሎዋት ያህል ሙቀት ውስጥ ይለቃል፤ ቁጭ ብላችሁ ያን ሁሉ ዳስ የሠራችሁለትን ሙቀት ራሳችሁ ታመጡታላችሁ። የቀኑን ወጥ ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት ሠርታችሁ ጨርሱ። ምስር በፕሬዠር ድስት 10 ደቂቃ ነው።

እንጀራ ለምትጋግሩ፦ እዚያ ሙቀት ላይ ሊጡ ሦስት ቀን አይጠብቅም፤ በማግስቱ ዐይቶ መጋገር ነው፣ አለዚያ ይሆመጥጣል። የኤሌክትሪክ ምጣድን እርሱት፣ ቮልት_ቆጣሪ ይጮህባችኋል። የማይዝ ሰፊ መጥበሻ በክዳን ይበቃል። የተጋገረውን ከሁለት ቀን በላይ ውጭ አታቆዩት፣ ይሻግታል። ጤፉና በርበሬው አየር በማያስገባ ዕቃ ይሁን። የገበያ ካርቶን ደግሞ ጀልባዋ ላይ አይውጣ! የበረሮ እንቁላል በካርቶኑ እጥፋት ውስጥ ነው የሚሳፈረው። ዕቃውን ዲንጊው ላይ አራግፋችሁ ካርቶኑን መልሱ።

ግቢ_ጠባቂ፦
አሁን ወደ መዝጋቱ። ከውሃ ከወጣች በኋላ ግቢው ውስጥ ከሁለት ሌሊት በላይ አትደሩባት። መልሕቅ ላይ የነበረው ነፋስ የለም፣ ከሥር ጠጠሩና ኮንክሪቱ ይፋጃል፣ መጸዳጃውንና ማጠቢያውን መጠቀም አይቻልም፣ ትንኙም አያስቀምጥም። ክፍል ተከራዩና ቀን ቀን ሥሩባት።

እዚያው ልታድሩባት ከሆነና ኤሲ ከተከራያችሁ፣ የመስኮት ኤሲ ይሁን። የጀልባው የራሱ ኤሲ በባሕር ውሃ ስለሚቀዘቅዝ ደረቅ ላይ አይሠራም። ደግሞ ግሬናዳ 230 ቮልት 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ የመጣ የ120 ቮልት 60 ኸርዝ ዕቃ በትራንስፎርመር ቮልቱ ይስተካከልለታል፣ ኸርዙ ግን አይቀየርም። የኤሲና የዲሁሚዲፋየር (አየሩን የሚያደርቅ መሣሪያ) ኮምፕረሰር በ50 ኸርዝ ዝግ ብሎ እየዞረ ይግላል፣ ቶሎም ይቃጠላል። ዲሁሚዲፋየር ከፈለጋችሁ እዚያው አገር የሚሸጠውን ግዙ።

እሱን ስትገዙ ማብሪያው በእጅ የሚዞር ይሁን። ዲጂታሉ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራሱ አይነሣም፣ አንድ ጊዜ መብራት ከጠፋ አራት ወር ጨለማ ውስጥ ቁጭ ይላል። ማጠቢያው ላይ አስቀምጡት፣ ውሃው በማጠቢያው ቧንቧ በቀጥታ ወደ ውጭ ይፍሰስ፤ ደረቅ ላይ ስለሆነች የዚያ ቧንቧ ቫልቭ ክፍት ይቆይ። መሣሪያው የሚሠራ ከሆነ የአየር ማስገቢያዎቹን ሁሉ ድፈኑ፣ አለዚያ የካሪቢያንን አየር በሙሉ ልታደርቁ ነው። መብራት ከሌለ ደግሞ ተቃራኒውን አድርጉ፦ ዝናብ የማያስገቡትን አየር ማስገቢያዎች ሁሉ ክፈቱ። ግማሽ ለግማሽ ማድረግ ከሁለቱም ይብሳል።

ሻጋታው የሚይዘው ጨውና ቅባት ያለበትን ነው። ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ የቁም ሣጥኖቹን ውስጥ ነጭ አቼቶ በእኩል ውሃ በጥብጣችሁ ጥረጉ፣ ይድረቅ። በረኪና ጨርቅና ስፌት ያደክማል፤ ከአቼቶ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ መርዘኛ ጋዝ ነው፣ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ አትሞክሩት። ፍራሾቹን በጎናቸው አቁሙ፣ የወለሉን ክዳኖችና የመሳቢያዎቹን በሮች ክፈቱ፣ የፍሪጁን በር በፎጣ ደግፉት። የልብስ መጭመቂያ ከረጢት የምትጠቀሙ ከሆነ ልብሱ አጥንቱ ድረስ የደረቀ ይሁን፤ ትንሽ እርጥበት ካለ ከረጢቱ ውስጥ ይሸታል።

ከሻጋታ ይልቅ ብዙ ጀልባ የሚያበላሸው ግን ቅጠል ነው። የኮክፒቱ ፍሳሽ ቀዳዳ በቅጠል ይደፈናል፣ ኮክፒቱ በዝናብ ይሞላል፣ ውሃው ደፉን አልፎ ወደ ሞተሩና ወደ አልጋው ይወርዳል። ግቢው ውስጥ በየሳምንቱ ቀዳዳዎቹን የሚያጸዳ ሰው ከፍላችሁ ያዙ፣ ፎቶ ይላክላችሁ። ምሰሶው የላዩን ወለል በስቶ እስከ ታች የሚወርድ ከሆነ ዝናብ በምሰሶው ውስጥ ስለሚገባ ከጀልባዋ ሆድ ውሃ የሚያወጣው የቢልጅ ፓምፕና ትንሽ ሶላር ተያይዘው ይቆዩ።

አውሎ ነፋሱን በተመለከተ፣ ከምድር ወገብ 12 ዲግሪ ብቻ ነው የራቅነው ብላችሁ አትዘናጉ። አውሎ ነፋስ አይቫን እ.ኤ.አ. መስከረም 7 ቀን 2004 ግሬናዳን መታ፣ ግቢ የቆሙ ጀልባዎች እርስ በርስ ተጋደሙ። ቤሪል ደግሞ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2024 ምድብ 4 ሆኖ የግሬናዳ አካል በሆነችው ካሪያኩ ደሴት ላይ አረፈ፤ ያኔ የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከጀመረ ገና አንድ ወሩ ነበር። ሸራዎቹ በሙሉ ይውረዱ፣ ተጠቅልሎ የሚቀረውም የፊት ሸራ ጭምር። በጣፋጭ ውሃ ታጥበው ይድረቁ። በነፋስ ጊዜ የተፈታ የፊት ሸራ ጀልባዋን ከድጋፏ ይነቅላታል። ድጋፎቹ ትይዩ ለትይዩ በሰንሰለት ይታሰሩ፣ ከእግራቸው ሥር ጣውላ ይግባ። ጀልባዋ መሬት ውስጥ ከተቀበረ መልሕቅ ጋር በሰፊ ቀበቶ ትወጠር። የኢንሹራንስ ውላችሁ ስለዚህ ቀበቶ የሚለውን መስመር ቃል በቃል አንብቡ፣ አንዳንዱ ያለ እሱ አይከፍልም።

ናፍጣ፦
ሞተሩን ረስታችሁታል። ዘይቱን አሁን ቀይሩ፣ ስትመለሱ አይደለም፤ ያረጀው ዘይት አሲድ ይዞ አራት ወር ብረቱ ላይ መቀመጥ የለበትም። ከውሃ ስትወጡ ሞተሩን በባልዲ ጣፋጭ ውሃ እያጠጣችሁ 5 ደቂቃ አስነሡት፣ ጨዉ ይውጣ። ከዚያ ኢምፔለሩን (የውሃ ፓምፑን ባለ ክንፍ ላስቲክ) አውጡ፤ ታጥፎ ከከረመ ክንፎቹ እንደታጠፉ ይቀራሉ። የናፍጣ ታንኩ እስከ አፉ ይሞላ፣ ላብ እንዳያልብ። ናፍጣ ውስጥ የሚራባውን ባክቴሪያ የሚገድለውን መድኃኒትም ጣሳው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሩ።

ቮልት_ቆጣሪ፦
ናፍጣ፣ በታንኩ አልስማማም። እዚያ የቀንና የሌት ሙቀት ልዩነት ትንሽ ነው፣ ታንኩ ውስጥ የሚያልበው ውሃ ከቁጥር አይገባም። ውሃው የሚገባው ከላዩ ወለል ላይ ካለው የመሙያ ክዳን ነው፤ ላስቲኩ ሲደርቅ ዶፉ በቀጥታ ይወርዳል። የሁለት ዶላር ኦ-ሪንግ (የላስቲክ ቀለበት) ቀይሩ፣ በግሪስ ቀቡት።

ናፍጣ፦
ኦ-ሪንጉን እቀበላለሁ። ሙሉ ታንክ ግን አይጎዳም፣ ሲመለሱም ነዳጅ ፍለጋ አይዞሩም።

ባለሸራው፦
መጸዳጃውም አለ። የባሕር ውሃ ቧንቧ ውስጥ ተዘግቶ ሲቆይ ውስጡ ያለው ሕይወት ይሞትና የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት በጣፋጭ ውሃ ብቻ እጠቡት፣ ከዚያ አንድ ሊትር አቼቶ አስገብታችሁ ሌሊቱን ይደር፣ የተጋገረውን ኖራም ያለሰልሰዋል። የባሕር ውሃ ማጣሪያ ማሽን ካላችሁ ሜምብሬኑን (ጨዉን የሚያጣራውን ስስ ሽፋን) በማቆያው መድኃኒት ሙሉት፤ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ግን ያለ ካርቦን ፊልተር እንዳይነካው፣ ሜምብሬኑን ይገድለዋል። ሸራ መሳቢያ ገመዶቹን ደግሞ በቀጭን ገመድ እየተካችሁ አውጧቸው፣ ፀሐይ የሚበላው ቀጭኑን ርካሹን ይሁን።

ሰማያዊ_ድንኳን፦
ሁለቱን ዳሶች ሰቅለናል፤ ዛሬ 9 ሰዓት ላይ 32 ነው ያለው። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ግቢ_ጠባቂ የማጠቢያው ቫልቭ ክፍት ይቆይ ብለዋል፤ በዚያ ነፍሳት አይገቡም?

ግቢ_ጠባቂ፦
ይገባሉ። በረሮም፣ ጭቃ የምትሠራዋ ተርብም። ተርቧ በሳምንት ውስጥ ቧንቧውን በጭቃ ትደፍነውና የዲሁሚዲፋየሩ ውሃ ማጠቢያውን ሞልቶ ወለሉ ላይ ይፈሳል። ከውጭ በኩል የመዳብ ወይም የነሐስ ወንፊት ቁራጭ ጠቅልላችሁ ወትፉበት፤ የብረት ሱፍ አታድርጉ፣ ዝጎ ቀፎው ላይ ቡናማ መስመር ያወርዳል። የኮክፒቱን ፍሳሽ ግን እንዳትወትፉ፣ ቅጠል ይይዛል። የሞተሩ የውሃ መግቢያና ጭስ መውጫ በጨርቅ ይደፈኑ፣ ያደረጋችሁትን ሁሉ በወረቀት ጻፉና ከሞተሩ ቁልፍ ጋር እሰሩት፦ «ኢምፔለር የለም፣ ጭስ መውጫ ተደፍኗል፣ ማጠቢያው ላይ ወንፊት አለ።»